ኢንጂነር ሀብቴና የስፒከሮቹ እግር

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ሱቅ ገብቶ ዕቃውን የሚያገላብጠው ሊገዛ አይደለም፤ አሠራሩን አይቶ እቤቱ ሊሠራው ነው። ሶዶ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። ሰፈሩ «ኢንጂነር ሀብቴ» ይላቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈጠነች ግን ባላቸው ሲሠሩ ብረት ይዞ መቆሙ ስለሚበዛባቸው ለማዕረግ ጊዜ የላቸውም።

«ይሄማ እኛው የምንሠራው ነው» ይላሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ምንም ነገር ሲያዩ። የዶሮ ቤቱ እንዲህ ተሠራ፤ ዶሮዎቹ ብቻ መግቢያውን አጡት። የውኃ ታንከሩ ማማም ተሠራ፤ ታንከሩ እስከ ዛሬ መሬት ላይ ነው፣ ማማው ላይ ልብስ ይሰጣል።

አምና አንድ የሠርግ አዳራሽ ሲዘጋ ሁለት ግዙፍ ስፒከሮች አስጭነው መጡ። «መሬት ላይ ድምፁ ይታፈናል፤ እግር ያስፈልጋቸዋል» አሉ። ፈጠነች ጠረጴዛውን ቢያሳዩዋቸው፣ «ጠረጴዛማ አብሮ ይዘፍናል» ብለው ወደ በያጁ በድሉ ሄዱ። በድሉ በየደ፣ እሳቸው አዘዙ። የብረት ቱቦዎቹ እንዳይንቀጠቀጡ ከቢጠና በኩል በመጣ አሸዋ ተሞሉ። ባለ ባጃጁ ጦና እግሮቹን አምጥቶ እያወረደ፣ «ጋሼ፣ ድልድዩ የት ነው የሚሠራው?» አላቸው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጥያቄውን እንደ ምስጋና ተቀበሉት።

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ባልና ሚስት ወንበር ወንበራቸውን ያዙ። የድሮ ክራር ተከፈተ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ «ባለ ክራሩ እዚሁ ሳሎን የተቀመጠ ነው የሚመስለው» አሉ።

«እኔ ጋ አልደረሰም» አሉ ፈጠነች። «በላዬ ነው የሚያልፈው።»

እግሮቹ የተለኩት በባልየው ጆሮ ነበር። ባልየው መለሎ፣ ፈጠነች ደግሞ አጭር ናቸው። በማግስቱ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሜትር ይዘው መጡና፣ «እስቲ እንደተቀመጥሽ ሁኚ» ብለው የሚስታቸውን ጆሮ ከፍታ ለኩ። ያን ሁሉ አሸዋ ዘርግፈው ብረቱን ወደ በድሉ መለሱ።

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆነ?»

«ዲዛይኑ ተሻሽሏል» አሉት።

በቀጣዩ እሁድ ፈጠነች ጣት ከክር ጋር ሲፋተግ ሳይቀር ሰሙ። ደስ ብሏቸው ዞር ሲሉ፣ ባላቸው ድምፁን ፍለጋ ወንበሩ ላይ ተንሸራተው፣ አገጫቸው ደረታቸው ውስጥ ተቀብሮ አገኟቸው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ተመችቶኝ ነው።»

እሁድ እሁድ እንዲህ ይመቻቸዋል፤ ሰኞ ወገባቸውን ይዘው ፍራሹን ይወቅሳሉ። ፈጠነች ባላቸው የታመመ ሊጠይቁ ወደ ዱቦ በሄዱበት ቀን መጋዝ አወጡና ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው የባላቸውን ወንበር እግሮች ቆረጡ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሲመለሱ ያጠረውን ወንበር ዞረው ዞረው አዩት። አራቱንም እግር በየተራ ዳሰሱ።

«አንዱ ረዝሟል» አሉ።

«ቁጭ በል» አሉ ፈጠነች፣ ሙዚቃውን እየከፈቱ።

ተቀመጡ። ወንበሩ ወደ ግራ ዘመም አለ። ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ክራሩ እስኪያልቅ አዳመጡ።

በቅርቡ በድሉ ሊጠይቃቸው መጥቶ ወንበሩ ሲወዛወዝ አየና፣ «ጋሼ፣ አሁኑኑ ላስተካክልልዎት?» አላቸው።

«አይነካም» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «የፈጠነች ሥራ ነው።»