የኖርማን ኤንትዊስል ሽሽትና ወንበር ላይ የቀረው ካፖርት

በዘመነ ማቭስ ክሌግ፣ ወይዘሮዋ የማኅበሩን ሊቀ መንበርነት በያዙ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ የአዳራሹ ማሞቂያ በተበላሸ በሦስተኛው ክረምት፣ በዕለተ ቀዳሚት በዘጠኝ ሰዓት፣ ኖርማን ኤንትዊስል ዘላንካሻየር፣ እግዚአ ባሮ ሽንኩርት፣ ሞዓ ቀንድ አውጣ፣ የፈጸሙት ገድል ይህ ነው።

ወእምዝ የጓሮ አትክልተኞች ማኅበር ለዓመታዊ ጉባኤው ተሰበሰበ። ጀግናውን ተከትለው የዘመቱትም እነዚህ ነበሩ፤ በቀኝ አንድ ጆሮው የማይሰማው ጎረቤታቸው ሬጅ፣ በግራ ብስኩት የተባለው ሽማግሌ ውሻ፣ በደጀን የሻይ ፔርሙስ። ጠላት ግን የአጀንዳው ሰባተኛ ቁጥር ነበር፤ የጸሐፊ ምርጫ። ጸሐፊ የሆነ ሰው እሑዱን ሁሉ ስለ አጥርና ስለ ተሰረቀ ጎመን አቤቱታ ሲያነብ ይውላልና፣ ኖርማንም በዚህ ምድር ከእሑዳቸው አብልጠው የሚወዱት የለምና (ባለቤታቸውም ይህን ያውቃሉ)፣ ልባቸው ራደ።

ስድስተኛው ቁጥር ሲነበብ ካፖርታቸውን በወንበሩ ላይ እንደራሴ አድርገው ሾሙ፤ ኮፍያቸውንም ደፉበት፤ በእግር ጣታቸው እየረገጡ በወጥ ቤቱ በር ወጡ፤ ደጅ ሲደርሱም ሮጡ። ለዚህ ግብር የአገሩ ሰው ስም አያጣለትም፤ ጨዋው «ተሰናበተ» ይላል፣ መለስተኛው «እግሬ አውጪኝ አለ» ይላል፣ ሬጅ ግን ለአዳራሹ ሁሉ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ኧረ ሰውዬው ላሽ ብሏል!»

ወይዘሮ ማቭስም ወደ ካፖርቱ ዞረው አወጁ፦ «ዝም በል አንተ ሬጅ! ኖርማንዬ፣ ጸሐፊ ብናደርግህ ትቃወማለህ?... አልተቃወመም። አለቀ፣ ጭብጨባ!» እምቢ ያላለ እሺ እንዳለ ይቆጠራልና፣ የማኅበሩ ሕግ ይህ ነውና፣ ተጨበጨበ።

ኖርማን በዝናብ ቤታቸው ደርሰው ኪሳቸውን ቢዳስሱ፣ ቁልፉ ከእንደራሴው ጋር ቀርቷል። ባለቤታቸው እኅታቸው ዘንድ ሄደዋል። ውኃ እያንጠባጠቡ ቢመለሱ ጉባኤው ቆሞ ተቀበላቸው፤ ወይዘሮ ማቭስም ቁልፉን ከፍ አድርገው ዳግመኛ አወጁ፦ «እንኳን ደስ ያለህ የኔ ጌታ! ቁልፍህ ይኸውልህ፤ መጀመሪያ ግን እዚች ጋ ፈርም!» ፈረሙም።

ክብር ለእግረ ፈጣኑ ኖርማን! ክብር ከጌታው ይልቅ ለጸናው ካፖርት! ይህን የጻፍሁ እኔ ሃዋርድ፣ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ጸሐፊ ሆኜ የተገኘሁት ነኝ። የቀረውን ገድላቸውን ራሳቸው ይጻፉት። ነገ እሑድ ነው፤ እኔ እተኛለሁ።