ሳይስቡ የማያምኑት ጋሽ ሳበው

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጎረቤቱ፣ በየዘመድ አዝማዱ መካከል ሳይነካ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። በሩን ቆልፎ ይወጣና ከደረጃው ግማሽ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። «ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ» ስትሉት «እሺ፣ ጎበዝ» ይላችሁና ራሱ ሄዶ ያያል። የዚህ ወገን ሁሉ የበላይ ጠባቂ ግን የሚገኙት እኛ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እውነተኛ ስማቸው ከመታወቂያቸው ላይ ካልሆነ አይነሳም። ሁላችንም ጋሽ ሳበው እንላቸዋለን።

የምንሠራው የሞተር ሽቦ ነው። ሽቦው ስስ የቫርኒሽ ሽፋን አለው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ተርሚናል የምንለው፣ ከሌላ ዕቃ ጋር የሚገናኝበት ትንሽ ብረት ይገባለታል። የእኔ ማሽን ሽፋኑን አይልጥም። ተርሚናሉን ሽቦው ላይ ከነሽፋኑ ጨምቆ ይይዘውና በኤሌክትሪክ ያግለዋል፤ ሽፋኑ ውስጥ ለውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ሽቦውና ተርሚናሉ ይበየዳሉ። ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ ሽታ፣ ከዚያ አረንጓዴ መብራት።

ክቡርነታቸው ከእኔ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ተሰይመው ከየሳጥኑ ሃያ ሃያ ሽቦ ያነሳሉ። ጫፉን በመያዣ ያስነክሱና ይስባሉ። የመለኪያው መርፌ ከቀዩ መስመር እስኪያልፍ ተርሚናሉ ካልለቀቀ ሽቦው አለፈ ማለት ነው። ሥራቸው ይኸው ነው። ችግሩ ሥራው ጠረጴዛው ላይ አለመቅረቱ ነው።

አዲስ ወንበር ሲመጣ ማንም ሳይቀመጥበት መደገፊያውን ይስባሉ። አንድ ቀን ወጣቱ ሥራ አስኪያጃችን አዲስ ኮት ለብሶ ሊያነጋግረን ፊታችን ቆመ። ጋሽ ሳበው ጠጋ አሉና የመካከለኛውን ቁልፍ ያዝ አደረጉት። ቁልፉ እጃቸው ላይ ቀረ። «ቀድሞም አልያዘም ነበር» ብለው በአክብሮት መለሱለት። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን የጨረሰው ኮቱን በአንድ እጁ ገጥሞ ነው።

ሴት ልጃቸውን ለማግባት የሚፈልገው ወጣት ቤታቸው የመጣ ዕለትም እጁን ጨብጠው ቀስ እያሉ ወደ ራሳቸው ስበውታል። ልጁ የፍቅር መስሎት እቅፍ አደረጋቸው። «እንግዳው ከሄደ በኋላ እንኳ ‹ይኼስ ይዟል፣ ይኼስ ይዟል› እያለ አላስበላኝም» ብለው ያጫወቱን ባለቤታቸው ናቸው።

«ዓይን ይሸነገላል፤ እጅ ግን አይሸነገልም» ይላሉ፤ ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ፣ ሰሚ ከተገኘ ሦስተኛ።

እኔና እሳቸው ሆድና ጀርባ ነበርን። መብራቱ አረንጓዴ ያለውን ሽቦ ዳግመኛ ሲስቡት እኔን በቁሜ የሚጎትቱኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ «ከሰኞ ጀምሮ መብራቱ ይበቃናል፤ ጠረጴዛው ይነሳል፤ ጋሼ ወደ መጋዘን ይዛወራሉ» ሲል ደስ አለኝ። ምን ያዋሸኛል። እሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበትን ጠረጴዛ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

በዚያው ሳምንት የምንሠራው ለጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ሳጥን የሚሆን የማራገቢያ ሽቦ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ጭሱ ራሴን ሲወቅረኝ የማሽኑን ሙቀት ሁለት እርከን ቀነስኩት። ሁለት እርከን ምን ታመጣለች ብዬ። መብራቱ እንደሆነ አረንጓዴ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ ለካ መብራቱ የሚናገረው ማሽኑ የታዘዘውን መሥራቱን ብቻ ኖሯል።

ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ በጠረጴዛው የመጨረሻ ቀን፣ ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ መጋዘኑን ሲረከቡ የቆዩት ጋሽ ሳበው ተመልሰው ከተከመሩት ሳጥኖች የመጀመሪያዋን ሽቦ ሳብ ሲያደርጓት ሾልካ ወጣች። ሁለተኛዋም። ከሃያው ሰባቱ ተነቀሉ። ሁሉም ጫፋቸው ላይ ቫርኒሹ ሳይቃጠል ያብለጨልጫል።

አንዷን ይዘው እኔ ጋ መጡ። «ሙቀቱ ስንት ላይ ነው?»

«መብራቱ አረንጓዴ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«መብራቱን አልጠየቅኩም፣ የኔ ልጅ» አሉና የሙቀቱን ቁጥር ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አስጠሩት። «እነዚህ ሳጥኖች አይወጡም» አሉት።

ሥራ አስኪያጁ ሽቦዎቹን አገላበጠና ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ሰኞ ሊዛወሩ ዓርብ ሰባት ሽቦ ተነቀለ። ትንሽ አልተገጣጠመም?»

አንዳንዱ ሠራተኛ ሳቀ። ጋሽ ሳበው ፊታቸው ቀላ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ቁጥሩን አይተዋል። አንድ ጊዜ ጣታቸውን ወደ እኔ ቢቀስሩ ነገሩ ያበቃ ነበር። አልቀሰሩም፤ ወደ እኔም አላዩም። አንጀቴን በሉት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ትናንት ጠዋት ጭሱ አስቸግሮኝ ሙቀቱን ቀነስኩት። የሁለት ቀን ሥራ ነው የተበላሸው። እሳቸው ባይስቡት ኖሮ ዛሬ ተጭኖ ይሄድ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ሳጥኖቹ ሁሉ ተመለሱ፣ ጠረጴዛውም ከቦታው ሳይነቃነቅ ቀረ። እኔ ለቅጣት አንድ ወር ከማሽኑ ተነስቼ ከጋሽ ሳበው ጎን ሽቦ እንድስብ ተፈረደብኝ።

የመጀመሪያው ቀን እሳቸው ሃያ ሽቦ ስበው አሳለፉና ወደ እኔ ገፋ አደረጓቸው። «ድገማቸው።»

«እርስዎ የሳቡትን?»

«አዎ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኋላዬ የሚፈትሽ ሰው ስጡኝ ብዬ የሚሰማኝ አጣሁ። ማታ ጋደም ስል የሚመጣብኝ የጣልኩት ሽቦ አይደለም፤ ያሳለፍኩት ነው።»

እየፈራሁ ደገምኳቸው። አሥራ አራተኛዋ መርፌው ከመስመሩ ሳይደርስ ለቀቀች። እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። «ጋሼ፣ ይቺ... ይቺ አልያዘችም» አልኩ።

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት፣ ከተጣሉት ጋር ጨመሯት፣ ትከሻዬንም መታ መታ አደረጉት።

«ተመስገን» አሉ። «ዛሬስ ተኝቼ አድራለሁ።»

ቅጣቴን ከጨረስኩ ቆየሁ። እስካሁን በምሳ ሰዓት ሃያውን እደግምላቸዋለሁ፤ ማንም አላዘዘኝም።