እመት ሺታዬ ጓል ያበጁበት ሳምንት

እመት ሺታዬ ከወሎ በሰፈራ መኪና ተጭነው ጋምቤላ በገቡ በአርባኛው ዓመት፣ ይኸውም በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ልጃቸው መልአኩ ሚስት ባገባ በሁለተኛው፣ ትልቁ ድስት እጀታው በወለቀ በሦስተኛው ክረምት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ባሮ ሞልቶ ዳር ዳሩን ሲልስ፣ በጾመ ፍልሰታ፣ ከዚህ በታች የሚነገረው ሥራ ተሠራ። ያየነውን እንዳየነው እንጽፋለን፤ ያላየነውን ጎረቤት ነግሮናል፣ ጎረቤት ደግሞ አይዋሽም፣ ይጨምራል እንጂ።

እኒህ እመት ሺታዬ፣ የጓዳ እመቤት፣ የምድጃ ባላባት፣ አንዴ አይሆንም ካሉ ባሮ ወደ ኋላ ቢፈስ ሐሳባቸውን የማይለውጡ፣ ስመ መንግሥታቸው ደምሳሲተ ጓል ይባላል፤ ጓልን የምትደመስስ ማለት ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ ከእጃቸው በወጣ ገንፎ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ጓል ያገኘ ሰው የለምና። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመልአኩ ክርስትና ዕለት፣ አንዲት የሩቅ ዘመድ ጥርሴን ጓል ነካኝ ብላ ብታወራ፣ ሰባት ዓመት አኮረፏት፤ በስምንተኛው ዓመት ሴትዮዋ የነካኝ የገዛ ጥርሴ ስባሪ ነበር ብላ ሽማግሌ ላከች፣ ተማረችም።

ወእምዝ በነሐሴ ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ የመልአኩ ሚስት ኛዱዎፕ፣ የኢታንግ ልጅ፣ ከኑዌር ወገን፣ ቁመተ ሎጋ፣ ቃሏ ቁጥብ፣ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። መልአኩም በጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የጤና ሠራተኛ ነውና በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አራሷና ሕፃኑም በእመት ሺታዬ ግዛት ሥር ቀሩ። ያን ጊዜ እመት ሺታዬ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ ይህን አዋጅ አወጁ፦

«ስሚ ሰፈር! እዚህ ቤት አራስ አለች። ገንፎዋን የማገነፋው እኔ ነኝ። ሌላ ሴት ማማሰያ ይዛ በዚህ በር ብታልፍ፣ እሷኑ ነው የማማስላት!»

ማንም አላለፈ። እመት ሺታዬም ከደሴ በአውቶቡስ የመጣውን የገብስ ዱቄት ፈቱ፣ ድስቱን በእግራቸው አግተው፣ ማማሰያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ላባቸው እስኪንጠባጠብ አገነፉ፣ መሐሉን አጎድጉደው ቅቤና በርበሬ እንደ ሐይቅ ሞሉበት፣ እርሳቸው በጾም ላይ ናቸውና ሳይቀምሱ፣ በእጃቸው ታምነው፣ ለአራሷ አቀረቡ። ኛዱዎፕም አንድ ጊዜ ጎርሳ፣ ፈገግ ብላ፣ ጠግቤያለሁ አለች። በማግስቱ ደግመው አገነፉ፤ ጠግቤያለሁ። ማር ጨመሩበት፤ ጠግቤያለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ገንፎ ዘመተ፣ ዘጠኙም ተሸንፎ ተመለሰ፣ የሰፈሩ ውሻ ወፈረ።

ጎረቤታቸው አኬሎም፣ የአኙዋክ ልጅ፣ የባሮ ዓሣ ነጋዴ፣ ምላሷ ከዓሣ ቢላዋ የሰላ፣ ይህን ሰምታ የናቷን የዓሣ መረቅ ጀበና በሚያህል ማሰሮ ይዛ መጣች፤ ማማሰያ ስላልያዘች አለፈች። እርሷም እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ተዉዋት በገንፎ አታንቋት! እኔ ስወልድ ይህን ጠጥቼ በአምስተኛው ቀን ወንዝ ወረድኩ!» ኛዱዎፕም መረቁን ሁለት ጊዜ ፉት ብላ፣ አኬሎን አመስግና፣ ጠግቤያለሁ አለች።

በነሐሴ ሰባት ቀን፣ ረቡዕ፣ የአራሷ ጉንጭ ጎደጎደ፣ ሕፃኑም ጡት ስቦ ስቦ ያለቅስ ጀመር። በዚያች ቀን ስልክ ከኢታንግ ተደወለ። ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ነበርና አዋጁን ጓሮ ያሉት ዶሮዎች ሳይቀሩ ሰሙት፦

«እኔ ኛቢየል ነኝ፣ የኛዱዎፕ እናት። ልጄ ወለደች፣ ደስ ብሎኛል። ልጄ አትበላም፣ ደስ አላለኝም። ሺታዬ፣ ገንፎሽ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ጥሩ ከሆነ አንቺ ብዪው። የኔ ልጅ ዋልዋል ነው የምትፈልገው፣ አንቺን አክብራ ዝም ብላ ነው። እስከ ቅዳሜ ዋልዋል ካልበላች መኪና ይዤ እመጣለሁ። እሷንም ልጁንም ወደ ቤቴ እወስዳለሁ። እኔ ቤት ላም አለች!»

ላም አለች የሚለው ቃል በጓዳው ውስጥ እንደ መድፍ ተሰማ፤ በእመት ሺታዬ ቤት የነበረው አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ነውና። እመት ሺታዬ ዞር ብለው ሕፃኑን አዩት፤ ጣቱን ከፈተ፣ ዘጋ። ጅብ ያልፈሩ፣ ቀበሌ ያልፈሩ ሴት ያን ጊዜ ፈሩ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። በሰፈራው የመጀመሪያ ክረምት እናታቸው በወባ ተኝተው ሳለ፣ የአሥር ዓመት ልጅ የነበሩት ሺታዬ የሰው ቤት የበቆሎ ገንፎ ሲቀርብላቸው አንድ ሳምንት ሙሉ ጠግቤያለሁ እያሉ ጦማቸውን አድረዋል። ያ ጠግቤያለሁ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። አውቀውት ሳለ ሦስት ቀን አለመስማታቸው ከገንፎው ይልቅ አቃጠላቸው። ስለዚህ አወጁ፦

«ዋልዋል የሚሉት ምንም ይሁን ምን፣ እኔ እሠራዋለሁ! ምራቴ ከዚህ ቤት በርሃብ ወጣች ከሚባል፣ ሺታዬ ማገንፋት ረሳች ይባል!»

በማግስቱ ሐሙስ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አኬሎ ለዋልዋል ያሻል ያለቻቸውን ወተትና የማሽላ ዱቄት ፍለጋ ኑዌሮች ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ኒውላንድ ዘመቱ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኝ አኬሎ፣ ያልተሸጠ ዓሣ በራሷ ላይ እንደ ዘውድ ተሸክማ፤ በፊት ሩዋይ፣ የባጃጅ ጌታ፣ ኑዌርኛ ተርጓሚ፣ መሪው ወደ ግራ ብቻ የሚታዘዝለት፤ በኋላ ያ የወፈረው ውሻ፣ ሳይጠራ፤ ከዕቃም ሁለት ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ ወንፊት። ባጃጁ ጭቃ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀረቀረ፣ ሦስት ጊዜ እመት ሺታዬ ወርደው ገፉ፣ ጫማቸውም አንዱ እዚያው ቀረ፤ አልተመለሱለትም። ወተቱንም ዱቄቱንም ለሁለት የተከፈለ ትልቅ ቅልም ይዘው በክብር ገቡ።

አኬሎ ከኑዌር ጎረቤቶች ጋር ኖራ ሲሠራ አይታለችና ሥርዓቱን ነገረቻቸው። ዱቄቱ በቅሉ ውስጥ ይደረጋል፤ ውኃ በጣት ጫፍ ረጨት ረጨት ይደረግበታል፤ ቅሉ በሁለት እጅ ይሽከረከራል፤ ዱቄቱ እየተንከባለለ ትንንሽ ድቡልቡል ይሆናል፤ እርሱ በፈላ ውኃ በስሎ ወተት ይፈስበታል። እመት ሺታዬም ይህን ሲሰሙ አወጁ፦

«አኬሎ! ይሄ እኮ ጓል ነው! አርባ ዓመት ያጠፋሁትን ጠላት ዛሬ ቁጭ ብለሽ በእጅሽ ውለጂው ትይኛለሽ?»

አኬሎም መለሰች፦ «ጓል ካልሽው ጓል ነው። አራሷ የምትፈልገው ጓል ነው። ድቡልቡል አድርገሽ ሥሪው፣ ቅዳሜ እየመጣ ነው!»

የመጀመሪያው ውጊያ በዚያው ሐሙስ ሆነ። እመት ሺታዬ ውኃ አርከፈከፉ፣ ቅሉን አዞሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ድቡልቡሎች ብቅ አሉ፤ ነገር ግን የርሳቸው እጅ ጌታውን ሳያስፈቅድ ማማሰያውን አንሥቶ አንድ በአንድ ደመሰሳቸው። የወጣው እንደ ሐር የለሰለሰ የማሽላ ገንፎ ነበር። እርሳቸውም ኮርተው አቀረቡ። ጠግቤያለሁ ተባሉ።

በዚህ ጊዜ ማማሰያው በከሐዲነት ተከሰሰ። ፍርዱም እንዲህ ተነበበ፦ «ይህ ማማሰያ ከእኔ ትእዛዝ ውጭ ስለ ዋለ በገመድ ታስሮ ወደ አኬሎ ቤት በግዞት ይሂድ፤ ዓሣ ግን እንዳይነካበት!» ማማሰያው ሄደ። ሁለተኛው ውጊያ ዓርብ ሆነ፤ ማማሰያ ቢጠፋ አውራ ጣታቸው ተተካ፣ እያንዳንዷን ጓል ከቅሉ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ጨፈለቃት። ሰባት ብቻ አመለጡ። ሰባቱ ሲቀቀሉ አምስቱ ሟሙ፤ ሁለቱን ለአራስ ማቅረብ ነውር ነው ተብሎ ለውሻው ተሰጡ።

ወእምድኅረዝ ቅዳሜ ነጋ። ኛቢየል ከኢታንግ መኪና ተሳፍራለች የሚል ወሬ በስልክ ደረሰ። ኛዱዎፕ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የልጁን ልብስ እያጣጠፈች በፌስታል ትከት ነበር፤ እመት ሺታዬ ፌስታሉን አዩት። ወደ ጓዳ ገብተው ቅሉን አነሡና እንዲህ አወጁ፦

«አኬሎ፣ ዓይኔን ሸብቢው! ካየሁት እፈጨዋለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ!»

አኬሎም ዓይናቸውን በነጠላ ሸበበቻቸው። እመት ሺታዬ ውኃውን ረጩበት፣ ቅሉን ያዙ፣ አዞሩ። መጀመሪያ ዱቄቱ ሹ ሹ ይል ነበር። ቀጥሎ ዝም አለ። አውራ ጣታቸው ተነሣ፤ አኬሎ ኩርኩም አቀመሰችው። እንደ ገና አዞሩ፤ ያን ጊዜ በቅሉ ውስጥ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚያሰማው፣ ጠብ ጠብ፣ ጠብጠብጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ። በአርባ ዓመት ውስጥ ያን ድምፅ ሰምተው የማያውቁት እመት ሺታዬ ጆሯቸውን አዘነበሉ፣ ፊታቸውም እንደ ሙሽራ ፈካ። አኬሎ «በቃ! አትንኪው! ልጁ ተወልዷል!» ብላ አወጀች።

ተቀቀለ፣ ወተቱ ፈሰሰበት። ጾም ነውና እመት ሺታዬ አልቀመሱም፤ አኬሎ ስለ ሁሉ ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች፣ ሦስተኛውን ስታነሣ ጭልፋው ተነጠቀ። ሳህኑ ወደ አራሷ ገባ። ኛዱዎፕ አየችው። አንድ ማንኪያ ወሰደች፣ በአፏ ውስጥ አንከባለለችው። ከዚያ ወዲያ ቀና አላለችም፤ የማንኪያው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ ሳህኑም ባዶ ሆነ። ከዚያም በዚህ መጽሐፍ ካሉት አዋጆች ሁሉ አጭሩን አወጀች፦

«እማዬ፣ ጨምሪልኝ።»

እመት ሺታዬ ወደ ጓዳ ገብተው ጥቂት ቆዩ። እዚያ ያደረጉት ነገር አልተጻፈም። ጨምረው ወጡ።

በዚያች ሰዓት መኪና ደጃፍ ላይ ጡሩንባ ነፋ፣ ኛቢየልም ገባች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ በአንድ እጅ የወተት ጀሪካን፣ በሌላው የሕፃን ማዘያ። ሰላምታ ሳትሰጥ ሳህኑን ከልጇ እጅ ወሰደች፣ በጣቷ ገለበጠችው፣ አወጀችም፦ «ምንድነው ይሄ! አንዱ የፍየል በጠጥ ያህላል፣ አንዱ የበሬ ዓይን ያህላል! ማነው የሠራው? ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?»

እመት ሺታዬም ነጠላው ገና ግንባራቸው ላይ እንዳለ፣ «አዎ! ጨፍኜ ነው! አንቺ ዓይንሽን ከፍተሽ ጓል የሌለበት ገንፎ አገንፊና እንተያይ!» ሲሉ አወጁ። አኬሎ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ኛዱዎፕ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኛቢየል ግን አልሳቀችም፤ የቀረውን ዋልዋል ቆማ ጨረሰችው። የልጇን ጉንጭ በመዳፏ ዳሰሰች፣ ፌስታሉንም አንሥታ ፈታችው፣ ወደ ደጅ ወጥታ ለሾፌሩ አወጀች፦ «ሂድ! ልጄ እዚሁ ትታረሳለች!»

ሰፈሩ እልል አለ። እልልታው ሳይበርድ ቀጥላ አወጀች፦ «እኔም እዚሁ ነኝ! ይሄ ልጅ ሁለት አያት ነው ያለው!» ያንን ገንፎ የሚሉትንም አምጪው ልየው አለች። ማማሰያው ከግዞት ተመለሰ፤ ገንፎው እንደ ሐር ወጣ፤ ኛቢየል ቅቤውን እስከ ሐይቁ ታች አድርቃ፣ ጣቷን ልሳ፣ «ጥሩ ነው፤ ጓሉስ የታለ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያም የቤቱን ትልቅ አልጋ፣ የእመት ሺታዬን አልጋ፣ በእጇ ጫን ጫን አድርጋ ፈትሻ ወጣችበት፤ ይህ እስከሚጻፍ ድረስ አልወረደችም።

እነሆ፣ ሁለት ሰው እንዳይወሰድባቸው ዘምተው ሦስት ሰው የማረኩ፣ በጾማቸው ያልቀመሱትን ያጠገቡ፣ ዓይናቸውን ሸፍነው ያዩ፣ የማሽላ መሐንዲስ፣ የወተት ጎርፍ አዛዥ፣ የአርባ ዓመት ልማዳቸውን በአንድ ቅል ውስጥ ያሽከረከሩ፣ እመት ሺታዬ ዘጋምቤላ፣ ስማቸው ከባሮ ማዶ እስከ ኢታንግ ገበያ ይጠራ! እጃቸው አይዛል፣ ወተታቸው አይንጠፍ፣ የልጅ ልጃቸው ጉንጭ ይሙላ፤ እርሳቸውም ጓዳ ውስጥ በሰሌን ላይ፣ አንድ እግራቸውን ዱቄት ጆንያ ላይ ሰቅለው፣ እንደ ንጉሥ ተኝተዋልና፣ ማንም እንዳይቀሰቅሳቸው!