የባለማተቡ ግንደ ቆርቁር ዜና

በስመ ፈጣሬ አዕዋፍ። ጋፋት ላይ ብረት በሚቀልጥበት ዘመን፣ ወይዘሮ ብዙነሽ «ቤቱ ያፈስሳል» ማለት በጀመሩ በሦስተኛው ክረምት ማግስት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ባለቤታቸው አለቃ ፈንታሁን፣ ዐቃቤ አዕዋፍ፣ መምህረ ጥድ፣ ኃያለ ልብ ወድኩመ ወገብ፣ ከጉና ግርጌ ካለው ደብራቸው ደን ግንደ ቆርቁር የተባለው ወፍ ጠፋ ጠፋ ማለቱን ተረድተው እጅግ አዘኑ። ወፉ ቤቱን የሚፈለፍለው በደረቅ ጥድ ነውና፤ ደረቁንም ሁሉ ከሰል አክሳዮች ጨርሰውት አንድ ግንድ ብቻ ቀርቶ ነበርና፤ እሱንም አለቃ ለአዲሱ ቤት ምሰሶ ለወይዘሮ ብዙነሽ ቃል ገብተውት ነበርና።

ስለዚህም፣ ወፉ ብዙ ከሆነ ግንዱ ይቆረጥ፣ ጥቂት ከሆነ ይቁም ብለው ፈረዱ። አንዱንም ወፍ በነጠላ አስይዘው፣ በደብር ተወልዶ ያለ ማተብ መኖር ነውር ነው በማለት በእግሩ ሰማያዊ ክር አስረው ለቀቁት። ነጋሪት ስላልነበራቸውም እንቅብ አስመትተው አስነገሩ፦

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ነገ ጎሕ ሲቀድ በየጥዱ ሥር ቁም! ወፍ ያየህ ተናገር፤ ሳታይ አየሁ ብትል ግን ገዝቼሃለሁ!»

ዘመቱም። ዲያቆን ደምሴ እንቅቡን እንደያዘ፣ ገብረኪዳን አንድ ዓይናው፣ እማሆይ ትሁን ከነመቋሚያቸው፣ ጌጡ ባለመጥረቢያው፣ ሳይጠራ የመጣ ውሻም ከኋላ። ደምሴ አየሁ አለ፤ ገብረኪዳንም አየ፤ እማሆይም አዩ፤ በየጥዱ ሥር የቆመ ሁሉ አየ። እግሩሳ ቢባሉ፣ ሁሉም ሰማያዊ ማተብ ማየታቸውን ማሉ። አለቃም በደስታ አለቀሱ፤ አስነገሩም፦

«ስማ! አንዱን አይተው ሌሎቹ ወፎችም አምነዋል! የጥዱ ወፍ በሙሉ ማተብ አስሯል፣ በዝቷልም! ግንዱ ይቆረጥ!»

እልል ተባለ፤ ጌጡም መጥረቢያውን አነሣ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ዝም ቢሉ ምሰሶው የራሳቸው የነበረ፣ እንቅቡን ከደምሴ ነጥቀው የገዛ አዋጃቸውን አወጁ፦

«ይስሙ አለቃ! ያሰሩት አንድ ክር፤ የሌሎቹን ማን ፈተለላቸው? አንድ ወፍ እኮ ነው ይህን ሁሉ ሠራዊት ሲያዞር የዋለው! አንተ ጌጡ፣ መጥረቢያህን አውርድ! እኔ እንደሁ ማፍሰሱን ለምጄዋለሁ፤ እሱ ምስኪን ግን ሌላ ቤት የለው!»

ውሻው አዛጋ። አለቃም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነገሩን ራሳቸው ያሰቡት አስመስለው፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«ይህን ግንድ የነካ፣ ደረቅ ጥድም ከዛሬ ወዲያ የቆረጠ ውግዝ ይሁን! እኔንም ጨምሮ!»

በዘመነ ዮሐንስም ባለማተቡ ከወዴት እንደመጣች ያልታወቀች፣ ማተብም የሌላት ሚስት አግብቶ፣ ጫጩቶቹን ከዚያው ግንድ አወጣ። ስለ ጋብቻው ሊቃውንቱ ተመካክረው ዝም ማለትን መረጡ።

እንግዲህ ምስጋና ለአለቃ ፈንታሁን፣ በአንድ ክር ሕዝበ አዕዋፍን ላጠመቁ! ምስጋና ለወይዘሮ ብዙነሽም፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር መኝታቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ለሚያዞሩ! ቤታቸው ዛሬም ያፈስሳል፤ የወፉ ቤት ግን አንዲት ጠብታ አያስገባም።