በእኔ ጸጉር የታመመችው ማዳም

ድሮ ሰው መድከሙን የሚያውቀው ጉልበቱ ሲከዳው ነበር። አሁን ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀት የሌለው ድካም ስንፍና ይባላል፤ ወረቀት ያለው ግን፣ በተለይ ቀይና ቢጫ መስመር ከተሰመረበት፣ የተከበረ በሽታ ነው። እኔ ዶሃ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ወረቀት ደክሜያለሁ። ስለዚህ አልደከምኩም ማለት ነው።

የምሠራው አል ገራፋ ሰፈር፣ ግቢው ሰፊ በሆነ ቪላ ውስጥ ነው። ማዳም ደግ ሴት ናት እላለሁ፤ ደግነቷን ግን ብዙም አትጠቀምበትም። ያን ዓመት ቤቱን ሁለት ነገር ያስጨንቀው ነበር፤ እሷን ድካም፣ እኔን ፈቃድ። ደሴ ያለችውን እህቴን ካየኋት አራት ዓመት አልፏል። ሁለታችንም አርጅተናል፤ በስልክ ስታወራኝ መጨረሻ ላይ የምታለቅሰው ነገር አላማረኝም። ማዳም ግን ፈቃዴን መጀመሪያ ረመዳን ይለፍ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ይከፈት እያለች ገፋችው። ያኔ ደግሞ ያለ ቀጣሪ ፊርማ ከአገሩ መውጫ አልነበረም።

የማዳምን ድካም ባባ፣ ማለትም ባሏ፣ አላመነላትም። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ሆኖ ምን ያደክማል ብሏል አሉ። አሉ ስል፣ በሩ ጋ ቆሜ የሰማሁት እኔው ነኝ። በዚህ ተናዳ ጓደኞቿ የሚያወሩለት አንድ ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ጸጉር ተቆርጦ ባሕር ማዶ ይላካል፤ ሰውነት ውስጥ ምን ያህል እርሳስና ሜርኩሪ እንደተከማቸ፣ የትኛው ማዕድን እንደጎደለ ተጽፎ ይመጣል። ሰው ነው ወይስ የማዕድን ጉድጓድ? ብቻ ማዳም ተቆጥታ ተመለሰች። ቀለም የነካው ጸጉር አንቀበልም ብለዋታል። የእሷን ጸጉር ቀለም ያልነካበትን ጊዜ ደግሞ እኔም አላስታውስም።

በማግስቱ መቀስ ይዛ ወጥ ቤት መጣች። “ያ ዘሀራ፣ ጸጉርሽን ቀለም ተቀብተሽ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

“ኸላስ፣ አለቀ። የምንበላው ከአንድ ድስት ነው፣ የምንጠጣው አንድ ውሃ ነው። ቤተሰብ ነን። ያንቺ ጸጉር ከእኔ በምን ይለያል?”

ከአንድ ድስት መብላታችን እውነት ነው፤ ሥጋው ወደ ማን እንደሚሄድ ግን ድስቱ ያውቃል። ሆኖም ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው አይከራከርም። ሻሼን ገለጥ አድርጌ ማጅራቴን ሰጠኋት። ፖስታው ላይ የእሷን ስምና ዕድሜ ጻፈች።

ፖስታውን ያደረሰው የወሎው ልጅ፣ ሾፌሩ ሰዒድ ነው። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እትዬ ዘሀራ፣ ፖስታውን ሲከፍቱት እኮ አየሁት፣ ነጭ በነጭ ነው። ማዳም እንዲህ ሸብታ ኖሯል?” አለኝ። አንተ መኪናህን ንዳ አልኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። ማዳም ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ፤ ያን ሶፋ አራግፌው እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። እያነበበች አስረዳችኝ። የዚህ ጸጉር ባለቤት ዚንክና ማግኒዚየም ጎድሏታል፤ ከጽዳት ኬሚካል ትራቅ፤ ሥጋ፣ በተለይ ጉበት፣ እንቁላልም ትብላ፤ በጊዜ ትተኛ፤ ሁለት ወር ሙሉ ትረፍ። የተማረ ሐኪም ይስቅበት ይሆናል። እኔ ግን ስንት ወፋፍራም መጽሐፍ አንብቤ፣ ሕይወቴን በሁለት ገጽ የጨረሰልኝ ጸሐፊ አጋጥሞኝ አያውቅም። እንባዬ ሊመጣ ሲል ማዳም ቀደመችኝ።

“አየሽ” አለች ደረቷን ይዛ፣ “አየሽ እንዴት እንደምለፋ?”

ባባ አፈረ። ይቅርታ ጠይቆ የታዘዘውን እንክብል ሁሉ ገዛላት። ነገር ግን ባባ መሐንዲስ ነው፤ የጠገነውን ነገር መልሶ ሳይለካ አይተኛም። ሁለት ወር ቆይተሽ እንደገና ትመረመሪያለሽ፣ ካልተሻለሽ ሆስፒታል ወስጄ ደምሽን አስመረምራለሁ አላት። ማዳም መርፌ ስታይ ትወድቃለች። ከዚያም በላይ፣ ደም ከሠራተኛ ክንድ ቀድቶ በፖስታ መላክ አይቻልም።

በአራተኛው ቀን የእንክብሉን ጠርሙስ ይዛ የክፍሌን በር አንኳኳች። ስትገባ አንኳክታ አታውቅም።

“ያ ዘሀራ፣ ይህን መዋጥ ያለበት ማነው?”

የማነበውን መጽሐፍ አጠፍኩ። “ጸጉሩ የበቀለበት ሰው ነዋ፣ ማዳም። እንክብሉ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ሁለት ወር እረፍት ተብሏል።”

“እዚሁ ዕረፊያ።”

“ኬሚካሉስ? ቀዩ መስመር እሱ ነው ብለሽኛል።”

ጠርሙሱን እያገላበጠች አሰበች። ደሴ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ወይ አለች። ነው አልኳት። ጉበት ይገኛል ወይ አለች። ዋናው እሱ ነው አልኳት። በማግስቱ ፊርማው ተፈረመ። ስሸኝ ትእዛዙ ብዙ ነበር፤ ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ በጊዜ ተኚ፣ እንቁላል እንዳይቀርብሽ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተሰጠኝ ትእዛዝ የዚህ ተቃራኒ ነበር።

ወደ አየር ማረፊያ የወሰደኝ ባባ ራሱ ነው። መንገድ ላይ በረጅሙ ተነፈሰ። “ያ ዘሀራ፣ ማዳም በጣም ታማለች። እንደዚያ ደክሟት እንኳ ለራሷ ሳታስብ አንቺን ዕረፊ ብላ ላከች። አገርሽ ስትገቢ ዱዓ አድርጊላት።”

“አይዞህ ባባ” አልኩት። “እኔ ደህና ከበላሁና ደህና ከተኛሁ፣ እሷ ትድናለች፤ ኢንሻአላህ።”

ባባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ የሚዋደድ ሰው በዚህ ዘመን አለ ብሎ እንደማያምን ነገረኝ፤ ሻንጣዬንም ራሱ ተሸከመልኝ።