በአርባው ቀን የዘፈነችው ባጃጅ

ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ዛሬ ጠዋት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ከሞተ ዛሬ አርባ ቀኑ ነው። እዚህ ወረታ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ባትሪውን አውርዶ፣ ሽቦ የሚያያዝበትን ጫፉን ጠርጎ፣ ውሃውን አይቶ ቻርጅ ያደርገዋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ስልኬን እጎረጉራለሁ።

(ስለ ባትሪ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ፈተናውንም አልፌያለሁ። አትጠይቁኝ።)

ከቀብሩ በኋላ ባጃጇን በሸራ ሸፈንኳት። በሁለተኛው ሳምንት ደሳለኝ መጣ። የይርጋ ጓደኛ ነው፤ እሱም ባጃጅ ይነዳል። ባትሪ ዝም ብሎ ሲከርም ይሞታል፣ ልውሰድና ቻርጅ ላድርገው አለኝ።

"አርባው ሳይወጣ የሱን ዕቃ ማንም አይነካም" አልኩት።

ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ። ባዶ እጁን ተመለሰ።

አሁን ኑዛዜው።

ማንም አይነካም ያልኩት እኔ፣ በየቀኑ ሲመሻሽ ሸራው ሥር ገብቼ የይርጋ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ቁልፉን ግማሽ አዞርና ቴፑን እከፍታለሁ። ፍላሹ እንደተሰካ ነው። ያለው ሁሉ የጭፈራ ዘፈን። በሐዘን ቤት! ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ጆሮዬን ለጥፌ እሰማለሁ።

በኋላ ድምፁ እየደከመ መጣ። እኔስ ምን አደረግሁ? ድምፅ መጨመሪያውን አዞርኩ። በማግስቱም ጨመርኩ። መጨረሻው ድረስ አዙሬውም አንድ ቀን ዝም አለ። ፍላሹ ተበላሸ ብዬ አለቀስኩ።

ባትሪው ትዝ አላለኝም።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ የአርባው ጸሎት ወደሚደረግበት ቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሯ መሄድ አትችልም። "በልጄ ባጃጅ ነው የምሄደው" ብላ ሌላውን ሁሉ እምቢ አለች። ጸሎቱ ሳያልፍ አደርሳታለሁ ብዬ ለዘመድ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ጠዋት ጥቁሯን ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች። የሐሙሲት ዘመዶች ቆመዋል። የንስሐ አባታችንም አሉ።

ቁልፉን አዞርኩ።

ጭጭ።

እንደገና። ጭጭ።

"ነጂዋን አጥታ እኮ ነው" ብላ አክስቴ እንባዋ መጣ።

"የአሁኑን ነጂ አይታ ነው እንጂ" አለ አጎቴ።

ደሳለኝ የራሱን ባጃጅ አስጠጋና ባትሪዎቹን በገመድ አገናኘ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር።

ቴፑ ባለ በሌለ ድምፁ ፈነዳ።

እስክስታ! በአርባው ቀን፣ ቄስ ፊት! ስንት ቀን ሳዞረው የከረምኩት መጨመሪያ እጄ ላይ ጠፋኝ። አባ መሬት መሬት አዩ። ደሳለኝ እኔን አየኝ። የባሰው የሱ እይታ ነበር።

እናቴ ከኋላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

"ትንሽ ቆይ፣ አታጥፋው" አለችኝ። "ሲመሻሽ በመስኮት እሰማው ነበር። ዝም ሲል፣ ልጄ ዳግመኛ የሄደ መሰለኝ።"

ዘፈኑ እስኪያልቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። ጸሎቱ ሳይጀመር አደረስኳት።

ስንመለስ ደሳለኝ ባትሪውን አወረደልኝ። እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፣ ግን ቀስ ብለን እንሞክረው አለ። ይኸው ቻርጀር ላይ ተሰክቷል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ቅዳሜ ጫፉን መጥረግ የኔ ተራ ነው። ይርጋ በምን ነበር የሚጠርገው? ያን ሁሉ ቅዳሜ አጠገቡ ቆሜ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።