ስልኬ በአውጫጪኝ ፊት

ወንጀል ተፈጸመ በተባለበት ቦታ ሁሉ ወንጀለኛ አለ ያለው ማነው? አንዳንዴ ያለው ተመራማሪ ብቻ ነው! ለምሳሌ... እኔ።

የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ዲጂታል ቴክኖሎጂ በወንጀል ፍትሕ» በሚል ርዕስ አምስት ገጽ ጽፋችሁ ኑ ሲሉን፣ ሌሎቹ አምስት ገጽ አሰቡ፤ እኔ አምሳ! ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ከቢቸና ሞጣ፣ አጎቴ ጋሼ አለምነህ ዘንድ ሄድሁ።

በገበያ ቀን ጋሼ ለፋሲካ የገዙትን ሙክት አስያዙኝ።

«ሽንኩርት ገዝቼ እስክመለስ ገመዱን እንዳትለቂ!»

አልለቀቅሁም፣ አንባቢዬ። ረገጥሁት እንጂ። እጆቼ ለጥናቱ የፊት ገጽ ፎቶ ይፈለጉ ነበራ! ስልኬን ጆንያ ላይ አስደግፌ፣ በየሦስት ሰከንዱ ራሱ እንዲያነሣ አዘዝሁና ደብተር ይዤ ተመራማሪ መሰልሁ። ዞር ስል... ሙክት የለም! ከኋላዬ በቅርቡ ከሐዋሳ ተመድበው የመጡት መምህር ደረጀ ብቻ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ሌባ!» ብዬ ጮኽሁ። ደግሞ ድምፄ...!

«ገመዱን ልይዝላት ነበር» ቢሉ ማን ይስማቸው?

በማግስቱ ጠዋት አውጫጪኝ ተጠራ፤ የሰፈሩ ሰው ተቀምጦ ያየውን በየተራ የሚናገርበት ያ የጥንቱ ዘዴ። መምህር ደረጀ የሚያስተምሯቸው ልጆች ወላጆች ሁሉ ፊት ለፊታቸው ተደርድረዋል። ሌባ ከተባሉ ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊታቸው ሰሌዳ ፊት ይቆማሉ? አንገታቸውን ደፍተው ጠጠር ይቆጥራሉ።

እኔ ግን ብድግ! ጥናቴ በእግሩ ሄዶ መጥቶልኛል።

«አባ፣ ዲጂታል ማስረጃ አለኝ!»

ፎቶዎቹን ቀድመሽ አላየሻቸውም ወይ ትሉኛላችሁ። አይቻቸዋለሁ እንጂ... ፊቴን ብቻ።

የሽማግሌዎቹ አውራ አባ ይግዛው ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ገመዱን የረገጠው ጫማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ አባ።»

«ሁለተኛውን አምጪ። እዚህስ ጫማው የት ሄደ?»

«ለጥናቴ የፊት ገጽ ፎቶ... ፀሐይ ፊቴን እንድታገኘው... አንድ እርምጃ ወደፊት...»

በሦስተኛው ሙክቱ ማንም ሳይጎትተው፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ባለሥልጣን ወደ ጨው መደብ ያመራል፤ መምህር ደረጀ ገመዱን ሊይዙልኝ ጎንበስ ብለዋል። በአራተኛው እኔ ጣቴን ቀስሬ አፌን ከፍቻለሁ።

«ሌባው ተገኘ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ደብተር ይዟል!»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል ነበር። የእኛዋ ሣሩንም አላየች፤ ራሷን ስታይ!»

ጉባኤው እንዳለ ወደ ጨው መደቡ ተመመ። ጨው ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ገና ከሩቅ ጮኹብን። «የማን ነው ብዬ ትናንት ስጣራ ዋልሁ! ቶሎ ውሰዱልኝ፤ መደቤን ልሶ ሊጨርሰው ነው!»

ስልኩ እውነቱን አወጣ። ለእኔ ግን አልራራልኝም። አባ ይግዛው በከዘራቸው ቦታ አሳዩኝ።

«ስም ያጠፋሽው እዚህ ነው። እዚሁ ቁመሽ፣ በዚያው ድምፅ መልሽው።»

«በዚያው ድምፅ?»

«አንዲት እንኳ ሳትጎድል።»

ጋሼ የሙክቱን ገመድ ተቀበሉ። እኔ በልማዴ እጄን ዘረጋሁ። አልፈውኝ ሄዱ።

«መምህር፣ እርስዎ ይያዙልኝ።»

መምህር ደረጀ ቀና አሉ። ከትናንት ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ፊታቸውን አየሁት። ገመዱን እጃቸው ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙ።

«መምህር ደረጀ ሌባ አይደሉም! ሌባ ያልኋቸው እኔ ነኝ የተሳሳትሁት!» ብዬ እየጮኽሁ ሳለሁ፣ በሌላው እጃቸው ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹኛል።

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኋቸው፣ ድምፄ ተዘግቶ።

«ለጥናትሽ ነው፤ የፊት ገጽ ፎቶ አልጎደለሽም?»